የሰፈር መንገድና የአውቶሞቢል ሩጫ

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ያስቸገረው ነገር መንገድ ማጣት እንጂ ፍጥነት አልነበረም። በ1900 ዓ.ም ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ የበረሓውን አሸዋና የደጋውን ድንጋይ በብዙ ድካም አልፎ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ነገርን መርምረው ለማወቅ ከነበራቸው ትጋት የተነሣ ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሩት። ያን ጊዜ መኪናውን ልክ የሚያገባው መንገዱ ራሱ ነበረ። ድንጋዩና ጉድጓዱ እንደ ልጓም ሆኖ ይይዘው ነበርና፣ «ቀስ በል» ብሎ ለመጮኽ ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም።

እንግሊዞች ግን በአገራቸው ከዚያ አስቀድመው ፈርተው ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም ባወጡት ሕግ፣ በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ በከተማ ውስጥ በሰዓት 2 ማይል፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ 4 ማይል ብቻ እንዲሄድ፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እየቀደመ እንዲያስጠነቅቅ አዘዙ። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ሆኖም ሕጉ በላላበት በ1896 ዓ.ም፣ በሎንዶን ከተማ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ስትሄድ በአውቶሞቢል ተገጭታ ሞተች፤ የአሟሟቷን ነገር የመረመረውም ሹም እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስ ተስፋውን ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በመንገድ ላይ አደጋ እንደሚሞት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትንም ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ ይኸው አደጋ ቀዳሚ መሆኑን ያስታውቃል።

እኔ የምጽፈው ግን ስለ ዓለሙ ሁሉ አይደለም፤ ርዝመቷ ከአንድ ኪሎ ሜትር ስለማትበልጥ ስለ አንዲት የሰፈር መንገድ ነው።

የምንኖርበት ሰፈር በእንጦጦ ግርጌ ካሉት ቁልቁለታማ ሰፈሮች አንዱ ነው። መንገዱ ከላይ ጀምሮ እስከ ታችኛው አደባባይ ድረስ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎት ይወርዳል። በግራና በቀኙ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የጉልት ገበያ፣ ጥቂት ሱቆችና የብዙ ሰው በር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ድንጋይና ጉድጓድ ብቻ ስለ ነበረ፣ በክረምት ጎርፍ ሲወርድበት ወንዝ፣ በበጋ ደግሞ አቧራ ይሆን ነበር። እኛም ገንዘብ አዋጥተን፣ ደጅ ጠንተን፣ ለምነን በመጨረሻ አስፋልት አገኘን። ሠራተኞቹ ሥራቸውን የጨረሱ ዕለት ሴቶቹ ድፎ ዳቦ ቆርሰው፣ ቡና አፍልተው አስተናገዷቸው። የአስፋልትን በጎነት የሚክድ ሰው ካለ፣ በሐምሌ ወር ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ያን ዳገት ያልወጣ ሰው ነው። ዛሬ አምቡላንስ እስከ ደጃፋችን ይደርሳል፤ እህል በጀርባ የሚሸከም ሰው የለም፤ ደቀ መዛሙርትም ጫማቸው በጭቃ ሳይበላሽ ትምህርት ቤት ይገባሉ።

ነገር ግን ድንጋዩ በተነሣ ጊዜ ልጓሙም አብሮ ተነሣ። የሰፈሩ መንገድ ሁለት ታላላቅ ጎዳናዎችን በአቋራጭ የሚያገናኝ መሆኑን ሹፌሮች ሲያውቁ፣ በዚህ ሰፈር ዘመድ የሌለው፣ ጉዳይም የሌለው መኪና ሁሉ ጧትና ማታ ይጎርፍብን ጀመር። ታክሲዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ማርሹን አውጥተው ቁልቁለቱን በነጻ ይለቁታል። አሸዋ ጭኖ የሚወርደው ገልባጭ መኪና ሲያልፍ የመስኮታችን መስተዋት ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ ተገጭተው ዐረፉ። በሁለተኛው ዓመት የስምንት ዓመት ልጅ የሆነች የጎረቤት ሕፃን፣ እናቷ እርሾ ተውሳ እንድትመጣ ልካት መንገዱን ስታቋርጥ ተገጨች። እግዚአብሔር ነፍሷን አተረፈ፤ እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ አምስት ወር በጄሶ ታስራ ተኛች። ዛሬም ስትራመድ ጥቂት ታነክሳለች።

የገጫት ሰው አልሰከረም፤ አልሸሸምም። ወዲያው ወርዶ ሕፃኗን አቅፎ ወደ ሐኪም ቤት የወሰዳት እርሱ ራሱ ነው። እያለቀሰም ለሕፃኗ አባት የተናገረው ቃል «ምን ላድርግ፣ ድንገት ገባችብኝ» የሚል ነበር። ይህች «ድንገት» የምትባል ቃል በጆሮዬ ቀረች። ሰውየው እንዳልዋሸ አውቃለሁ። ድንገቱን ያመጣችው ግን ሕፃኗ መሆኗን ሳልመረምር ለመቀበል አልወደድሁም።

በዚያው ሳምንት የዕድራችን አባሎች ተሰበሰቡ። ዕድር ማለት ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ማኅበር መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ የሰው ሞት እንዲቀንስ ብሎ ስብሰባ ሲጠራ ግን በእኛ ሰፈር የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ንግግሩ ብዙ ነበረ። አንደኛው ተነሥቶ ጥፋቱ ልጆቻቸውን በማይጠብቁ እናቶች ላይ ነው ሲል፣ አንዲት የጉልት ነጋዴ፣ «አባቴ፣ እኔ ስድስት ልጅ በዚህ መንገድ ዳር አሳደግሁ፤ እነርሱን በገመድ ካሰርኋቸው መንገዱ ለማን ተሠራ?» ብለው መለሱለት። ሌላው ፖሊስ ቆሞ የሚሮጠውን ሁሉ እንዲቀጣልን እንለምን አለ፤ ነገር ግን አንድ ፖሊስ በአንዲት የሰፈር መንገድ ላይ ከጧት እስከ ማታ ሊቆም እንደማይችል፣ ምሳ ሊበላ ሲሄድም መኪናው ሁሉ እንደ ወትሮው እንደሚሮጥ ለማንም ግልጽ ነው። ከወጣቶቹ ወገን አንዱ ብቻ «ሲሚንቶ እኛ ዘንድ አለ» ብሎ ተቀመጠ። የዚህን ንግግር ትርጉም የተረዳነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ወጣቶቹ ሌሊት ተነሥተው በትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ገድበው አደሩ። የሠሩት ነገር እንደ እርሻ ድንበር ሹል፣ ከፍታውም ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ ነበር። ቀለምም ምልክትም አልነበረውም። በማግሥቱ ማታ አንድ የሞተር ብስክሌት ነጂ ሳያየው መጥቶ ተሽቀንጥሮ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ፤ እርሱም ቤተሰቡን ለማስተዳደር ዕቃ የሚያመላልስ ምስኪን ሠራተኛ ነበር። ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ግድቡን አፈረሱት። ወጣቶቹ ተቈጡ፤ እኔ ግን መፍረሱ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። የአንዱን ልጅ እግር ለማዳን ሲባል የሌላውን ልጅ ክንድ መስበር ፍርድ አይሆንም። ደግሞም በሌሊት የተሠራ ነገር ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለውን ነገር ደግሞ የሚጠግነውም የሚጠየቅበትም አይገኝም።

እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል በመንግሥት ሥራ ላይ ስኖር የሰውን አቤቱታ ስቀበል የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ከክቡራን አንባቢዎቼ ብዙዎቹም ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ የምለውን ያውቁታል። «ሕዝቡ አለቀ፣ ልጆቻችን ረገፉ፣ መንግሥት ይድረስልን» የሚል ወረቀት በመጣ ጊዜ ልብ ያዝናል፤ እጅ ግን ምን እንደሚጽፍበት አያውቅም። ስለዚህ «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎ ይመራል፤ የተመራለትም ሰው እንዲሁ ይመራዋል። ቁጥርና ቦታ ያለው፣ የሚጠይቀውንም ነገር ለይቶ የሚናገር ወረቀት ሲመጣ ግን ዝም ብሎ ማሳለፍ ያስቸግራል። ዕድሩም እንደገና በተሰበሰበ ጊዜ ያቀረብሁት ሐሳብ ይኸው ነበር፤ አስቀድመን የመኪናውን ፍጥነት እንለካ አልሁ።

«በምን መሣሪያ?» ተባለ። መሣሪያው ከየቤቱ ተገኘ። ከግንበኛው ሜትር ተውሰን፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ስፍራ 100 ሜትር ለክተን፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ በኖራ መሥመር አሰመርን። አንድ ሰው በላይኛው መሥመር ቆሞ መኪናው ሲያልፍ እጁን ያነሣል፤ ሁለተኛው በታችኛው መሥመር ቆሞ በእጅ ስልኩ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሦስተኛው በደብተር ይጽፋል። የቀረው ሒሳብ ነው። 100 ሜትሩን በ12 ሰከንድ የጨረሰ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ9 ሰከንድ የጨረሰው 40፣ በ6 ሰከንድ የጨረሰው 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌርና ያቺ የጉልት ነጋዴ ለሦስት ሳምንት በተራ ተቀመጡ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ በሚመለሱበት ሰዓት፣ እንዲሁም በገበያ ቀን። የማንንም ስም፣ የማንንም ታርጋ ላለመጻፍ ተስማማን። የምንጽፈው ሰከንዱን፣ የመኪናውን ዓይነትና ነጂው የሰፈራችን ሰው ወይም አላፊ መሆኑን ብቻ ነበር። ጉልት ነጋዴዋ በዚህ በኩል ወደር የሌላቸው ነበሩ፤ መኪናው ገና ከላይ ብቅ ሲል የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛም ይናገራሉ።

ደብተሩ በተዘጋ ጊዜ ያየነው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከሚወርዱት መኪኖች የሚበዙት 100 ሜትሩን ከ8 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቹን ያሳፈረ ነገር ሆነ። «አላፊ አግዳሚ ፈጀን» ስንል የነበረው ነገር ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ከሚሮጡት መካከል ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው የእኛው የሰፈር ሰዎች ነበሩ። አንዱም የእኅቴ ልጅ ነው። ልክ በስድስት ሰከንድ አለፈ።

በእሑድ ቀን ለምሳ ሲመጣ ነገሩን አወጣሁለት።

«ጋሼ፣ እኔ ሰው ገጭቼ አላውቅም» አለኝ።

«አልገጨህም። እኛም ገጨህ አላልንም፤ ስድስት ሰከንድ ነው ያልነው» አልሁት።

«የመኪናው ፍሬን አዲስ ነው። በያዝሁት ቦታ ይቆማል።»

«ፍሬኑ የሚይዘው እግርህ ከረገጠው በኋላ ነው። እግርህ እስኪረግጠው ድረስስ?»

ወረቀትና እርሳስ አምጥቼ እርሱ ራሱ እንዲያሰላው ሰጠሁት፤ ሒሳብ የተማረው እርሱ ነውና። ሰው አደጋን በዓይኑ አይቶ፣ በልቡ ወስኖ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ 8 ሜትር ከሩብ ያህል ይጓዛል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላም በደረቅ አስፋልት ላይ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ድምሩ ከ13 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በዚያችው አንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። አንባቢዬ ይህን ቆም ብሎ ይመልከተው። ዝግተኛው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ስፍራ ላይ ፈጣኑ መኪና ፍሬን ለመያዝ ገና መጀመሩ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ሹፌሮች ሕፃኗን ያዩዋት በአንድ ስፍራና በአንድ ቅጽበት ቢሆን፣ 14 ሜትር ያህል ከፊታቸው ብትሆን፣ አንዱ ከፊቷ ቆሞ ይገሥጻታል፤ ሁለተኛው በሙሉ ኃይሉ ይመታታል። ሕፃኗ ያው ናት፤ ስሕተቷም ያው ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከማየት እስከ መቆም 37 ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ የእኛ መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ፣ በክረምትም እርጥብ ስለሆነ ከዚህ ይበልጣል። የመምታቱም ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ እንደሚሆን በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቃል።

«ድንገት» የሚሉት ነገር እንግዲህ በሜትር የሚለካ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ድንገቱ 13 ሜትር ነው፤ በ60 የሚሄደው ድንገቱ 37 ሜትር ነው። በዚያ 37 ሜትር ውስጥ የሚገባበት ነገር ሁሉ፣ በግም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ እርሾ የምትዋስ ልጅም ብትሆን፣ ድንገት ይገባበታል።

የእኅቴ ልጅ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተውና ምሳውን በዝምታ በላ። ወጣት ሰው በዝምታ ሲበላ መልስ መስጠቱ ነውና እኔም አልጨመርሁበትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይጠራ መጥቶ ደብተሩን ይዞ ተቀመጠ።

አቤቱታው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። የደብተሩን ግልባጭና አንድ ተማሪ ያነሣውን የመንገዱን ንድፍ አባሪ አደረግንበት። ሰው እንዲቀጣልን አልለመንም። የለመንነው ሦስት ነገር ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግራና ቀኝ ሹፌሮች «ብሬከር» የሚሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በደንቡ መሠረት እንዲሠራ፣ 30 ኪሎ ሜትር የሚል ምልክት እንዲተከል፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ የተከመረው የግንባታ ድንጋይና አሸዋ ተነሥቶ ልጆቹ ከአስፋልቱ ላይ እንዲወርዱ። የዕድሩ አባሎች ሁሉ ፈረሙበት፤ መጻፍ የማይችሉትም በጣታቸው አተሙ። ከዚያ በኋላ የነበረው ደጅ ጥናት ሰባት ወር ፈጀ። ስለዚህ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተመላልሰናል፣ ፋይሉም አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተገኝቷል። ግልባጭ ማስቀረት ለዚህ ይጠቅማል።

ሰፈርተኛ ተሰብስቦ ስለ መንገዱ መናገሩ በእኛ የተጀመረ ነገር አይደለም። በሆላንድ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም ብቻ ከ3,000 የሚበልጥ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ሴት ልጁ የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ በሚቀጥለው ዓመት «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» የሚል ርእስ ሰጥቶ ጻፈ፤ ያም ርእስ የአንድ ታላቅ ማኅበር ስም ሆነ። እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር እየወጡ፣ መንገዱን ለጊዜው እየዘጉ ልጆቹን ያጫውቱበት ነበር። ዴልፍት በሚባለው ከተማ ደግሞ በሰፈር ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ ዛፍ እየተከሉ፣ እያጠማዘዙ፣ መኪና ከሰው እርምጃ እምብዛም እንዳይፈጥን አደረጉት፤ በ1976 ዓ.ም እንዲህ ያለው መንገድ በሕግ ታወቀ። በእኛም ከተማ ከኅዳር 2011 ዓ.ም ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ ሲጫወቱባቸው ማየታችንን እናስታውሳለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በየካቲት 2020 ዓ.ም በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የብዙ አገሮች ሹማምንትም እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ የፍጥነቱ ወሰን 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የተስማሙበትን ቃል አውጥተዋል። በአቤቱታችን ላይ የጻፍነው ቁጥር እንግዲህ የዕድራችን ፈጠራ አልነበረም።

በስምንተኛው ወር አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተላከችልን። መምጣቷ ሲነገር አንዳንድ ሽማግሎች የልጅነቷን ነገር አንሥተው አጉረምርመው ነበር፤ ሥራዋን ካዩ በኋላ ግን ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም ብለው የያዟት እነርሱ ናቸው። ደብተራችንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ቀጥላም ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ውኃው ጠየቀች፤ «በክረምት ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል?» አለች። ጉብታው ጎርፉን ከገደበው ውኃው ወደ ሰው ቤት ይገባልና። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሴቶቹ ነበሩ፤ በየዓመቱ ከየበራቸው ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና በእጃቸው እየጠቆሙ አሳዩዋት። እርሷም ጉብታውን ካሰበችበት ስፍራ ጥቂት እርምጃ ወደ ላይ አዛወረችው፤ በዳሩም ለውኃ መውረጃ ክፍት ተወች።

የጉብታውን ቅርጽ በጠመኔ እየሣለች ስታስረዳን የወጣቶቹ ግድብ ምን እንደጎደለው ገባን። ጥሩ ጉብታ ሹል አይደለም፤ ሰፊና ለዘብ ያለ ነው። እንግሊዞች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መርምረው ያወጡት፣ በብዙ አገርም የተከተሉት ልክ 3.7 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነው። በዝግታ የሚያልፈውን ሰው እምብዛም አያውከውም፤ በሩጫ የሚመጣውን ግን ከወንበሩ ያነሣዋል። ይህን ነገር እንደ ተራ ሥራ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ በ1927 ዓ.ም በፊዚክስ የኖቤልን ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን ያስተዳድረው በነበረው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሹፌሮች ስላስቸገሩት በ1953 ዓ.ም ተቀምጦ የመንገድ ጉብታ እንደ ነደፈ ቢሰማ አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም።

ጉብታዎቹ ተሠሩ፤ ነጭና ቢጫ ቀለም ተቀቡ፤ ምልክቱም ተተከለ። በእግረኛው መንገድ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር ግን ባለቤቱ «ነገ አነሣዋለሁ» እያለ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የታክሲ ሹፌሮች «ባሌስትራችን አለቀ» እያሉ ለአንድ ወር ያህል ሲያማርሩ ከቆዩ በኋላ ዝም አሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ማርሹን አውጥቶ መውረዱ እንደቀረበት፣ በቀን የሚፈጀው ነዳጅ ግን ይህን ያህል እንዳልጨመረበት ለጡረተኛው ሹፌር ነግሮታል።

ሌላ ያላሰብነው ነገርም መጣ። በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በከተማው ውስጥ በዝተዋል። ጭስ የላቸውም፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ድምፅም የላቸውም፤ ይህ ግን ለሕፃንና ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ ጭንቅ ነው። እኛ በልጅነታችን መኪና የምናውቀው በጆሮ ነበር፤ ከሩቅ ሲያጓራ ሰምተን ወደ ዳር እንሸሽ ነበር። ዛሬ ይህን ለልጅ ማስተማር አይጠቅምም። በሰፈራችን ያለችው መምህርት ልጆቹን «ስሙ» ማለት ትታ «ቁሙና ወደ ሁለቱም ወገን እዩ» ስትል ታስተምራለች፤ እናቶችም በቤት ይህንኑ እንዲደግሙላቸው ትለምናለች።

ባለፈው ወር ሜትሩን ተውሰን፣ ኖራውን አድሰን እንደገና ለካን። የሚበዙት መኪኖች አሁን 100 ሜትሩን ከ11 እስከ 13 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይጨርሱታል። የእኅቴ ልጅ በ12 አለፈ፤ ከመስኮቱም እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጠን፣ እኛም ጻፍነው። ያ እግሯ የተሰበረው ልጅ በላይኛው መሥመር ቆማ እጅ የማንሣቱን ሥራ ለመነችና ተሰጣት። ደብተሩ እንደሚያሳየው የቀሩት የሞተር ብስክሌቶች ናቸው፤ መሐንዲሷ ለውኃ በተወችው ክፍት በኩል እየሾለኩ በ7 ሰከንድ ያልፋሉ። ለሚመጣው ቅዳሜ ከዕቃ አመላላሾቹ ጥቂቶቹ ለቡና ተጠርተዋል፤ ያ ክንዱ የተሰበረው ሰው ሊያመጣቸው ቃል ገብቷል።